እግርህን እንዳታነሳ

እኔ እንድሪስ ሠላሳ አንድ ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ። መጀመሪያ ከአሰብ፣ ኋላ ከጅቡቲ እየጫንኩ የኮምቦልቻን ዳገት ወደ ደሴ ስንት ጊዜ እንደወጣሁት አላህ ይወቀው። ኩርባዎቹን ዓይኔን ጨፍኜ እቆጥራቸዋለሁ። ለጉራ አይደለም የምለው። ጉራማ ነበረብኝ፤ የምነግራችሁም የሱን ጣጣ ነው።

በእኛ ጊዜ መኪና ማለት ሦስት ፔዳል ያለው ነው። ግራ እግር ፍሪሲዮን፣ ቀኝ እግር ፍሬንና ነዳጅ፣ ቀኝ እጅ ማርሽ። ዳገት መሀል ሞተሩ ድንገት ጮሆ መኪናው መጎተቱን ከተወ ማርሹ ዘሏል ማለት ነው። ያኔ ቁጭ ብለህ አታስብም። ነዳጁን ትለቃለህ፣ ፍሪሲዮን ትረግጣለህ፣ ማርሹን መልሰህ ታስገባለህ። ይህን በአንድ ትንፋሽ ያላደረገ ሹፌር ከነጭነቱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ቦርከና ገደል ይገባል። እኔ ሦስት ጊዜ ዘሎብኝ ሦስቱንም ጊዜ መልሼዋለሁ። ያተረፉኝ እጄና እግሬ ናቸው፤ ጭንቅላቴማ ገና ነገሩን ሳይሰማ ነው ሁሉም ያለቀው።

ልጄ ጀሊላ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። የሰው ልጅ ሕክምና፣ ሒሳብ ሲል እሷ የሙያ ኮሌጅ ገብታ መካኒክነት ተማረች። መካኒክ መሆኗ ሳያንስ ደግሞ አውቶማቲክ ካምቢዮ ካልፈታሁ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መውጫ፣ ዳገቱ ሲጀምር፣ ጋራዥ ከፈተች። ሻሿን ጠምጥማ፣ ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ ስትሠራ ላያት ሰው ደስ ትላለች። ከወልዲያ ድረስ መኪና እያስጎተቱ ይመጡላት ነበር።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «ማርሹን ራሱ የሚቀይር መኪና ከሆነ ሹፌሩ ምን ይሠራል? እጁን አጣጥፎ ይተኛ?» እላታለሁ።

«አርፎ መንገዱን ያያላ፣ አባ» ትለኛለች።

ባለቤቴ ከሪማ ትስቃለች። ልጅቷ አንተ እያለችኝ ነው ያደገችው። እናቷ «አባትሽን አንቱ በይ» እያለች ብትቆጣት ብትቆጣት ደከማትና ተወችው።

እንግዲህ አንዲት ነጭ መኪና ነበረች። ካምቢዮዋ ተበላሽቶ ባለቤቱ ተስፋ ሲቆርጥባት ጀሊላ ወሰደቻት። ሁለት ወር ሙሉ ፈታች፣ ገጠመች፣ ደግሞ ፈታች። መኪናዋ የዳነች ዕለት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። ከሪማ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ የምትኖር እህቷ አሟት ልትጠይቃት ፈልጋ ነበር።

«እማን አንተ አድርሳት» አለችኝ ጀሊላ። «ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይህ።»

ከካምቢዮው ያወጣቻቸውን አሮጌ ሳህኖች፣ እንደ ብር ጠርዝ የሳሱ ክብ ብረቶች፣ መዳፏ ላይ ደረደረቻቸው።

«ይኸውልህ፣ በውስጡ እንዲህ ያሉ ሳህኖች አሉ። ዘይት እየገፋ ያጣብቃቸዋል። ቀስ ብለህ ስትነዳ ማርሹ ሲቀየር አይታወቅህም። ዳገት ላይ ልቅደም ብለህ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስትረግጠው ግን መኪናው ጉልበት እንደፈለግህ ይገባውና ወደ ታች ማርሽ ይወርዳል። አንዱን ማርሽ ለቆ ሌላውን ሊይዝ ነው። ሰው ከባድ ሸክም ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው ሲያዛውር፣ ሸክሙ ከሁለቱም ላይ የማይሆንባት አንዲት ቅጽበት የለችም? እንደሷ ናት። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው የማይጎትት ይመስልሃል። ከዚያ ይይዝና ይወረወራል። በዚያች ቅጽበት እግርህን እንዳታነሳ፣ አባ። እጅህንም ከማንሻው አርቀው። ግራ እግርህን ደግሞ እጠፈው፤ እሱ ዛሬ ሥራ የለውም።»

«እንዴ! አሁን አንቺ እኔን መንዳት ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት።

«ለእማ ስል ነው» አለች እየሳቀች።

እኔም ሳቅሁባት። ቃሉ ጆሮዬ ገብቷል፤ አልሰማሁም ብል ውሸት ነው። ግን የልጅ ወግ ነው ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ከሪማ ለእህቷ የያዘችውን ብርቱካን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። መኪናዋ እንደ ቅቤ ነበር የምትሄደው፣ እውነቱን መናገር አለብኝ። ከዳገቱ ግማሽ ካለፍን በኋላ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ፊታችን እየተንፏቀቀ ሲወጣ ደረስንበት። ለብዙ ጊዜ ከኋላው ጭሱን ጠጣን። ከሪማ ሳል ጀመራት። ቀጥ ያለች ቦታ አገኘሁ፣ ከፊት የሚመጣ የለም። በግራ ወጣሁና ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥኩት።

ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋ ግን አልተወረወረችም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለሰው ሁሉ የምነግረው እንዲህ ብዬ ነበር፦ «ማርሹ ዘለለ። ካምቢዮው ከዳኝ። መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለች።» ከዚያ ሁሉ በደንብ ትዝ የሚለኝ የከሪማ ድምፅ ነው። አልጮኸችም። ገበያ ስንሄድ እንደምትጠይቀኝ አድርጋ «ኧረ ምነው ቆምን?» ነው ያለችው። ከላይ፣ ከኩርባው፣ ከባድ መኪና ወርዶ መጣ። መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ተራራው ጠምዝዤ ልሸሽ ስል በከሪማ በኩል መታን። የዚያ ሹፌር ጥፋት የለበትም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላቆማትም ነበር።

ከሪማ ሆስፒታል ሳትደርስ አለፈች። አላህ ይርሀማት። እኔ ቀኝ ትከሻዬ ተሰብሮ ተረፍኩ።

ትራፊኩ አልጋዬ አጠገብ መጥቶ «ምን ሆነ?» ሲለኝ ጀሊላ ቱታዋን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ወላሂ አላየኋትም። «ካምቢዮው ከዳኝ» አልኩት። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እጇ ላይ የካምቢዮ ዘይት ነበረ፤ ቱታዋ ላይ እየጠረገች፣ እየጠረገች፣ እዚያው ቆማ ቀረች።

ከሪማን ደሴ ከወላጆቿ ጎን ቀበርናት። በሰባተኛው ቀን ቤታችን ዱዓ ተደርጎ ሰው ገና ሳይበተን ጀሊላ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

«አባ፣ አፉ በለኝ» አለችኝ።

በእኛ ዘንድ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ማለት፣ እንደዋዛ የሚባል ነገር አይደለም። ሰው ሐጅ ሊሄድ ሲል፣ ረመዳን ሲገባ፣ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ይለዋል። አፉ ከተባለ በኋላ ደግሞ በልብ የሚቀር ቂም የለም። እኔም በተቀመጥኩበት፣ እንደ ቸር ሰው፣ ግራ እጄን ራሷ ላይ አድርጌ «አፉ ብዬሻለሁ ልጄ፣ አላህም አፉ ይበልሽ» አልኳት። ሽማግሌዎቹ «ማሻ አላህ፣ አባት ማለት እንዲህ ነው» አሉ። በዚያ ሐዘን መሀል ደስ አለኝ። ዛሬ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ያ ደስታዬ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀሊላ ጋራዡን ዘጋች። ነጯን መኪና አስጎትተው እዚያው ግቢ አስገብተዋት ነበር፤ ሸራ አለበሰቻትና ፊቷን አዞረች። ጎረቤት ሁሉ «ሌላ መካኒክ ካምቢዮውን ከፍቶ ይየው፣ ቁርጡን እወቂ» ቢላት «ምን ሊያይ? አባቴ አይቷል» አለች።

ትከሻዬ እስኪገጥም ድረስ በእጇ አጎረሰችኝ። ልብሴን አጠበች፣ ለውዱእ ውኃ አፈሰሰችልኝ። አንድም ቀን ስታለቅስ አላየኋትም። ሰው «እንዴት ያለ ትዕግሥት፣ እንዴት ያለ ሶብር ሰጣት!» ይላል። እኔ ግን ማታ ማታ ሰው ሁሉ ለእናቷ ዱዓ ሲያደርግ የሷ ከንፈር እንደማይንቀሳቀስ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አራት ወር እንዲህ ሄደ።

የጎረቤታችን ልጅ ሙንዚር ደሴ ፒያሳ ላይ ሱቅ አለው። አንድ ጠዋት ለትከሻዬ ቀጠሮ ስለነበረኝ በመኪናው ይዞኝ ሊወጣ መጣ። የሱም አውቶማቲክ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ መንገድ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ሹፌር አጠገብ መቀመጥ ድሮም አልወድም፤ የዚያን ቀን ደግሞ መቁጠሪያዬን ጨብጬ ዱዓ ላይ ነበርኩ። አደጋው የደረሰበት ቦታ ልንደርስ ስንል ከፊታችን ተሳቢ ገጠመን። ሙንዚር አየት አደረገ፣ በግራ ወጣ፣ ነዳጁን ረገጠው።

ሞተሩ ጮኸ። መኪናው የሚጎትት አልመሰለኝም።

«ዘለለ! ዘለለ!» ብዬ ጮህኩ። ግራ እግሬ ወለሉን ረገጠ። ግራ እጄ መቁጠሪያውን ጥሎ ማንሻውን ያዘው፤ ወደ ፊት ሊገፋው ሲል ሙንዚር በክርኑ መታኝ። በዚያው ቅጽበት መኪናው ያዘ፣ ወደ ፊት ተወረወረ፣ ተሳቢውን አልፎ መስመሩ ውስጥ ገባ። ነገሩ ሁሉ ሁለት እርምጃ የመራመድ ያህል ነው የፈጀው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ምን ሆኑ? ሊያስጨርሱን ነበር እኮ!» አለኝ ሙንዚር፣ ላብ አጥምቆት።

«ማርሹ ዘለለ እኮ!»

«ምንም አልዘለለም። አውቶማቲክ አጥብቀው ሲረግጡት እንዲህ ነው፤ ወደ ታች ወርዶ እስኪይዝ ይጮሃል። ማንሻውን ገፍተውት ቢሆን ኖሮ ወደ ኤን ይገባ ነበር፣ ባዶ ማርሽ ማለት ነው። መሀል መንገድ ላይ ቀርተን ነበር።»

ልጁ በየዋህነት ነው የተናገረው። ትንሽ ቆይቶ ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ እጄን አየሁት።

የዚያን ሰኞ ነገር አንድ በአንድ መጣልኝ። ሞተሩ ሲጮህ ነዳጁን ለቅቄ ነበር። ፍሪሲዮን ብዬ በግራ እግሬ የረገጥኩት ፍሬኑን ነው፤ ሌላ ምን ፔዳል አላት? ከሪማ «ምነው ቆምን?» ያለችው ለዚህ ነው፤ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ማርሹን ልመልስ ብዬ የገፋሁት ማንሻ ባዶ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ነዳጅ ብረግጥ ባልረግጥ ምን ዋጋ አለው። ያ ሦስት ጊዜ ከሞት ያወጣኝ እጅና እግር ሚስቴን ገደለብኝ። ልጄ ደግሞ በአፏ ነግራኝ ነበር። ያ ረቢ፣ በአፏ ነግራኝ ነበር!

አሁን ወዲያው ሄዶ ነገራት ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልነገርኳትም። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ፈሪ ነኝ። ሚስቴን አጣሁ፣ ልጄንም ልጣ? እላለሁ። ደግሞ እኔው ለኔው እመልሳለሁ፦ አፉ ብያታለሁ፣ ነገሩ ተዘግቷል፣ ምን ያስቆፍረኛል? እሷ ምሳ ታቀርብልኛለች፣ እኔ እየጎረስኩ ዓይኗን እሸሻለሁ። ከአፈር የገባችው እናቷ የምታየኝ ይመስለኛል።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ጀሊላ ቀስ ብላ «ዕቃዎቼን ለጥበቡ ሰጥቼዋለሁ፤ ነገ መጥቶ ይወስዳቸዋል» አለችኝ። ጥበቡ ከተማ መሀል የሚሠራ መካኒክ ነው። «ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ። በዚህ እጅ ከእንግዲህ የሰው መኪና አልነካም» አለች።

መዳፏን ዘርግታ እያየችው ነበር የተናገረችው። ያን የመሰለ እጅ! እጄን ሳልታጠብ ተነሳሁ።

«ተነሽ፣ ጋራዥሽ እንሂድ» አልኳት።

«ምን ልናደርግ?»

«ተነሽ አልኩሽ እኮ!» ጮህኩባት። ስፈራ እቆጣለሁ፤ ድሮም እንዲህ ነኝ።

ሙንዚርን ለመንኩት፣ በመኪናው አደረሰንና በር ላይ ቆመ። ግቢው ሣር አብቅሏል። ነጯ መኪና ከነሸራዋ አለች። ጀሊላ በሩ ጋ ቀረች፣ መቅረብ አልፈለገችም። ሸራውን በደኅናው እጄ ጎተትኩት። አቧራው ሁለታችንንም ሸፈነን። የሹፌሩን በር ታግዬ ከፈትኩትና «ነይ፣ ማንሻውን እይው» አልኳት።

መጣች። ጎንበስ ብላ አየች። ለረጅም ጊዜ አየች።

«የት ላይ ነው?» አልኳት።

«ኤን ላይ» አለች። ከዚያ ቶሎ ብላ «ሲጋጭ ተንቀሳቅሶ ይሆናል» አለች።

ይኸውላችሁ፣ መውጫ በር ከፈተችልኝ። እሺ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ወላሂ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ግጭቱ አይደለም» አልኳት። «እጄ ነው። ሞተሩ ሲጮህ የዘለለ መሰለኝ። እግሬን አነሳሁ። ፍሪሲዮን ብዬ ፍሬን ረገጥኩ። ማንሻውን እኔ ገፋሁት። በቀደም ሙንዚር መኪና ውስጥም እጄ ያንኑ ሊያደርግ ነበር፣ እሱ ነው የመታኝ። መኪናሽ ጤነኛ ናት፣ ጀሊላ። አንቺ ያበላሸሽው ምንም ነገር የለም።»

የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ የተሰበረው መስታወት ሥሯ እየተንኮሻኮሸ። እጇን ማንሻው ላይ አሳረፈች።

«እግርህን እንዳታነሳ ብዬህ ነበር» አለች፣ በቀስታ።

«ብለሽኝ ነበር።»

«እጅህን አርቀው ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር፣ ልጄ።»

ያኔ አለቀሰች። በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። መሪው ላይ ተደፍታ «እማ! እማዬ!» እያለች፣ የቀብሩ ዕለት ማልቀስ የነበረባትን አለቀሰች። ልይዛት እጄን ዘረጋሁና መለስኩት።

ቀና ስትል «አባ፣ ታውቃለህ? እኔ አራት ወር ሙሉ ለእማ ዱዓ ማድረግ አፍሬ ነበር» አለችኝ። «የገደልኳት እኔ፣ ምን ብዬ ስሟን ልጥራ? ሰው ሁሉ አሚን ሲል እኔ አፌን ዘግቼ እቀመጥ ነበር።»

የናቷን ዱዓ ሁሉ ከአፏ ነጥቄያታለሁ። መሬቱ ላይ፣ ዘይት የጠጣው አፈር ላይ ተቀመጥኩ።

«ያን ቀን አፉ ያልኩሽ ውሸት ነው» አልኳት። «አፉ መባል የነበረብኝ እኔ ነኝ። አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከመኪናዋ ወርዳ ከላዬ ቆመች። አትዋሽም፣ በዚህ እናቷን ነው የመሰለችው።

«ዛሬ አልችልም፣ አባ» አለች።

«እሺ» አልኳት።

ሙንዚርን የመኪናውን ቁልፍ ለመነችው። «እማ ጋ ልሂድ። ሴት መቃብር አትገባም ቢሉኝም ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ዱዓ አደርግላታለሁ» አለችው። ሰጣት። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «ጥበቡ ነገ ሲመጣ ዕቃዎቼን እንዳይነካ በለው» አለችኝና ወጣች።

ሙንዚር ከመሬት አነሳኝና በሩ ላይ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። ጋራዡ ዳገቱ ሥር ስለሆነ ወደ ላይ የሚወጣ መኪና ድምፁ እስከ ሁለተኛው ኩርባ ይሰማል። ተሳቢ እያቃሰተ ይወጣ ነበር። ጀሊላ የያዘቻት የሙንዚር መኪና ከኋላው ደረሰች፣ ትንሽ ተከተለችው። ከዚያ ሞተሩ ጮኸ።

ያቺ ባዶ ቅጽበት መጣች። ግራ እግሬ አፈሩን ረገጠ። እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩበት።

ማርሹ ያዘ። ድምፁ ወፈረ፣ ተሳቢውን አለፈ፣ ወደ ደሴ ወጣ። እግሯን አላነሳችም።